ቫዝሊን ያልቀባሁት ደንበኛ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ባለቤቴ እርሳው ትለኛለች። እኔ ግን መርሳት አልፈልግም፤ እንዲያውም ሥራ ሲቀዘቅዝ እያስታወስኩ አጣጥመዋለሁ።

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሸቤ ነው። በልጅነቴ ኳስ ስጫወት ግራ እግሬ ለጉድ ነበር፤ በክንፍ በኩል ስሄድ የሚይዘኝ አልነበረም። አባቴ ከቡና ለቀማ ጠፍቼ ሜዳ ሲያገኘኝ እንኳ መጀመሪያ ቆሞ ያየኝና ከዚያ ነው የሚቆጣው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ የጅማ ክለብ ለወጣት ቡድኑ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ልጆች ሊመለምል ነው ተባለ። ከደዶም ከሸቤም ከሌላውም ወረዳ ተግተልትለን መጣን። የክለቡ መልማይ እርስ በርስ እያጫወተ ሲያየን ሰነበተና በመጨረሻው ቀን የሚያልፉትን ሊለይ አሰለፈን። እንደማልፍ አልተጠራጠርኩም። ያን ቡድን ከእንጀራም ከትምህርትም አስበልጬ ነበር የምፈልገው።

ችግሬ ጢሜ ነበር። በእኛ ቤት ወንዶቹ ጢም ቶሎ ያወጣሉ። መልማዩ እኔ ጋ ሲደርስ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞረና፣ “አባባ፣ ልጅዎን ይዘው ነው የመጡት?” አለኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ዕድሜዬን ልናገር አፌን ስከፍት በእጁ ወደ ውጭ አሳየኝ።

ሸቤ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። “አባ አሬዳ” የሚል ስም ወጣልኝ፤ በኦሮምኛ ባለ ጢሙ ማለት ነው። ክፍል ስገባ አባ አሬዳ፣ ሜዳ ስወጣ አባ አሬዳ። ኳሱንም ትምህርቱንም ተውኩት። ለዓመታት የገዛ ፊቴ ያስጠላኝ ነበር፤ ይኸው ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት የምቆም ሰው ሆንኩ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ያ መልማይ ፀጉር ቤቴ ገባ። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ድምፁን ግን ወዲያው ለየሁት። እሱ አላወቀኝም። “ልጄ፣ ጥቁር ቀለም ቀባኝና ዕድሜዬን ቀንስልኝ” ብሎ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ የአንድ ክለብ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ለታዳጊዎች መልማይ ይፈልጋሉ፤ ግን ሰውየው ጎልማሳ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት።

ዕድሜ ሊያስቀንስ እኔ ዘንድ መጣ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አንገቱ ላይ ጨርቅ አሰርኩለት።

እኛ ቀለም ከመቀባታችን በፊት ግንባርና ጆሮ ላይ ቫዝሊን እናደርጋለን። ያለዚያ ቀለሙ ቆዳ ይይዛል፤ ቶሎ በእርጥብ ጥጥ ካልተጠረገ ደግሞ ለቀናት አይለቅም። የቫዝሊኑን ዕቃ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እልህ ይዞኛል። እንዲሁ ቀባሁት።

ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ባባ። ሽማግሌ ነው አልኩ። ጥጥ አርሼ ልጠርግለት እጄን ወደ ጆሮው ስሰድ ግን አላስችል አለኝ።

“ጋሼ፣ እኔን አያስታውሱኝም? ከሸቤ መጥቼ በጢሜ ምክንያት መልሰውኝ ነበር።”

በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብሎ አየኝ። “ግራኙ? አስታወስኩህ። ጎበዝ ነበርክ እኮ።”

“አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር” አልኩት።

“ልጅ መሆንክማ መች ጠፋኝ። የግራ ክንፉ ቦታ ግን ቀድሞ ለአንድ የኮሚቴ አባል የእህት ልጅ ተይዞ ነበር። አንተን በምን ሰበብ ልመልስህ? ጢምህ ደረሰልኝ።” ፈገግ አለ። “ያለፈ ነገር ነው፣ ልጄ።”

ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ፊቴን ነው። ጥፋቱ የፊቴ አልነበረም።

ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሬ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ከላይ እስከ ታች ቀባኋቸው፤ ግንባሩንም ጨመርኩለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ድሮ ግጥሚያዎች ያወራል። “ትንሽ ይቆይ፣ በደንብ ይያዝ” እያልኩ አቆየሁት።

ታጥቦ ቀና ሲል ራሱን አየ። በሳሙና ፈተገ፣ በፎጣ ፈተገ፤ ቆዳው ቀላ እንጂ ቀለሙ ፍንክች አላለም። “ምን አደረግከኝ?” አለ። “ዕድሜዎን ቀነስኩልዎ” አልኩት። የጃኬቱን ኮሌታ ወደ ጆሮው ስቦ ወጣ።

የዚያ ክለብ ሠራተኛ የሆነ ደንበኛ አለኝ፤ በኋላ የሆነውን ነገረኝ። ባርኔጣ አድርጎ ቀረበ። ኮሚቴው ፊት ነውና ያውልቁ አሉት። አወለቀ። አንደኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ተነሥቶ ወጣ አሉ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ሰው እንጀራ ሲያጣ ደስ ይላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለቤቴ ሐያት ስነግራት አልሳቀችም። “ማሎ፣ አላህን አትፈራም እንዴ? ትልቅ ሰው ነው፤ ፈልገውና አውፍ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ” አለችኝ። አሁንም አልፎ አልፎ ታነሳብኛለች።

አስቤበታለሁ። ያን ቀን ከሰልፍ የወጣሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አንዱን አጭር ነህ፣ አንዱን ቀጭን ነህ እያለ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስንቱን በሰበብ እንደመለሰ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሁሉም በየከተማው አሉ። አውፍታ የሚፈልግ ከሆነ ከእነሱ ይጀምር። እኔ መጨረሻ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ አልቸኩልም።