ብሎን ግድግዳውን የተሻገረች ዕለት

ብሎን ብለው የሰየሟት የአውቶብስ ሾፌሮች ናቸው። አባቷ በሚነዳው አሮጌ አውቶብስ ላይ ሦስት ዓመት ረዳት ሆና ስትሠራ፣ ቁመቷን አይቶ የናቃት ተሳፋሪ አንድ ፌርማታ ሳይሄድ ንቀቱን ይውጥ ነበር። «ትንሽ ናት፤ ግን እሷ ከላላች አውቶብሱ ይበተናል» ይሉ ነበር ሾፌሮቹ።

የወታደር ምልመላ ማስታወቂያ መናኸሪያው በር ላይ የተለጠፈ ዕለት፣ ሥራዋን ጨርሳ በቀጥታ ሄዳ ተመዘገበች። የተጠየቀውን ቁመት ያለፈችው በጣት ስፋት ነው። አባቷ ሲሰማ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ይዞላት ገባ።

«እግርሽን ጠብቂ፤ የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል» አለ።

ማሰልጠኛው ውስጥ መጀመሪያ ሁሉም ሰመረላት። በሩጫው ትንፋሿ አልከዳትም፤ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ቆማ የኖረች ናትና ሰልፉም አላዛላትም። ጠመንጃ ፈቶ መግጠምማ፣ ሌሎቹ ገና ብረቱን ጨርቅ ላይ ሲደረድሩ እሷ ጨርሳ እጇን ትጠርጋለች። መከራዋ አንድ ነበር፦ ግድግዳው።

ከሜዳው ጥግ የቆመ፣ በወፍራም ሳንቃ የተሠራ፣ ከረጅም ሰው አናት እጅግ ከፍ የሚል መሰናክል ነው። ሌሎቹ ዘለው ጫፉን ይዘው ይሻገራሉ። እሷ ትዘላለች፣ ጣቷ ሳንቃውን ይቧጥጣል፣ ቁልቁል ትመለሳለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ይህን ያላለፈ ምልምል ደግሞ አይመረቅም።

አሰልጣኛቸው ሃምሳ አለቃ ምላሱ ከምላጭ የባሰ ስል ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጮኸባት አንድ ቀን። «ሮጠሽ ትመጪና ፊቱ ስትደርሺ ቀጥ! ግድግዳ እኮ ነው፤ አማትሽ መሰለችሽ እንዴ?»

ጓዶቿ በሳቅ አውካኩ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ «አይደለም፣ ሃምሳ አለቃ!» አለች። የተናገረው እውነት ስለነበር ይበልጥ አንገበገባት።

እሑድ ከሰዓት ልብስ ማጠቢያው ጋ ከእሷ አልጋ ታች የምትተኛው ዘለግ ያለች ምልምል የብሎንን የተላጠ መዳፍ አየች። ምልምሏ በፊት ፀጉር ሠሪ ነበረች። ቫዝሊን ትቀባላት ጀመር።

«ቆይ እስኪ» አለቻት፣ «አውቶብሱ ላይስ እንዴት ነበር የምትወጪው? ደረጃው ከፍ አይልብሽም?»

«እየሄደ ነዋ የምዘለው።»

«ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ?»

«ምን ነካሽ! ከቆምኩማ ጥሎኝ ይሄዳል። አብሬው እሮጥና በዚያው ሩጫዬ እግሬን…»

አፏ ተከፍቶ ቀረ። ፀጉር ሠሪዋ የቫዝሊኑን ክዳን ገጠመች። «በይ ተነሺ፤ እጥበቱ ይደርሳል።»

ልብሳቸው ገንዳ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ፣ ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለው ግንብ ጋር ተያያዘችው። ግንቡ ለእሷ የአባቷ አውቶብስ ነው፤ ለማንም አይቆምም። ፍጥነት ሳይቀንሱ መጥቶ እግርን ከፍ አድርጎ መትከል፣ እግር ሲገፋ እጅ ወደ ላይ። ጉልበቷ ተላጠ፣ አገጯ አበጠ። አመሻሹ ላይ ግን ክርኗ ጫፉ ላይ አረፈ።

የፈተናው ቀን ማለዳ ዘነበ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ተፈቅዷል። በመጀመሪያው የጫማዋ ጭቃ አንሸራትቷት በጀርባዋ ወደቀች። ፈታኙ ሻምበል መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። ጫማዋን ሳሩ ላይ ጠርጋ ጠርጋ ወደ መነሻው ተመለሰች።

በሁለተኛው ሳንቃው ሲቀርባት ይበልጥ ፈጠነች። እግሯን እስከ ወገቧ አንስታ ተከለች፣ ገፋች፣ ሁለት እጇ ጫፉን ጨበጠ። ክርን፣ ደረት፣ ከዚያ አንድ እግር። አናቱ ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ጉብ አለች! ሜዳው በሙሉ ከበታቿ ነው። ከደስታዋ ብዛት የት እንዳለች ዘንግታ፣ ሳንቃውን ሁለቴ በመዳፏ ደበደበችና «ሳበው!» ብላ አምባረቀች።

ሻምበሉ ከመዝገቡ ቀና አለ። ጓዶቿ በፉጨትና በጭብጨባ ሜዳውን አናጉት። ሃምሳ አለቃው ፊቱን አዙሯል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«በይ ወራጅ አለ በይና ውረጂ!» አላት በመጨረሻ።

ለምርቃቱ አባቷ የሾፌር ጃኬቱን አስተኩሶ መጣ። ሰልፉ ሲያልፍ ከሁሉ አጭሯን ለማግኘት አልተቸገረም። በኋላ ሃምሳ አለቃው ራሱ ቀርቦ ጨበጠው።

«አባት፣ ልጅዎ እዚሁ ትቆያለች። የሚቀጥለው ዙር ሲገባ አጫጭሮቹን ግድግዳ የምታስተምርልኝ እሷ ናት። ረዳት አሰልጣኝ አድርገናታል።»

«ረዳትነቱንማ ታውቅበታለች» አለ አባቷ።

ወስዳ ግድግዳውን አሳየችው። አባቷ ሥሩ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። በእግሩ ጣት ቆመ፤ አሁንም አልደረሰም።

«እኔ ብሆን» አለ፣ «ዞሬ ነበር የማልፈው።»

«ዞሮ ማለፍ ክልክል ነው፣ አባዬ።»

አባቷ ሳቀ። ኮፍያዋን አስተካክላለሁ ብሎ አጣመመው፤ እሷም እንደተጣመመ ተወችው።