ሥራውን የተካፈልንበት ዓመት

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ከረጢት ሰፊ ነበርኩ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ስላደግኩ ውጭ ስውል ኦሮምኛ፣ ቤት ስገባ የእናቴን አማርኛ እናገራለሁ። አጠገቤ የሚሰፉት ሴት የዲጋ ሰው ናቸው። በዕድሜ እናቴን ስለሚያህሉ «አዴ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው።

መንገዱ አላስተማምን ብሎ ስንዴ እንደ ልብ መምጣት ሲያቆም፣ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና ግማሾቻችንን ሊቀንስ መሆኑን ነገረን። ሁላችንም ጎናችን የቆመውን ሰው በዓይናችን ስንመዝን ትዝ ይለኛል፤ ማን ልጅ አለው፣ ማን ገና አዲስ ነው እያልን። ያኔ አዴ ተነሱ።

«ለምን ሥራውን አንካፈልም?» አሉ። «አንድ ሳምንት ግማሹ ይግባ፣ በሚቀጥለው ሌላው። ደመወዙም ግማሽ ይሁን። ማንም አይውጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን አልጠበቀም። ትንሽ አስቦ እሺ አለ። እኛም ተስማማን።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ሥራ በማልገባበት ሳምንት የሰው ልብስ አጥባለሁ። ከሲሬ የመጣው የወፍጮው ኦፕሬተር፣ ሚስቱ ገና የወለደች ጎልማሳ፣ ሰው ቤት አጥር ያጥራል። እንዲያም ሆኖ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ተራ ስንለዋወጥ፣ የሚወጣው የሚገባውን እየሳቀ ይመርቀው ነበር።

ዓመት ያህል እንደቆየን፣ ሥራ ላጡ ሰዎች ስለሚሰጥ ድጋፍ በተዘጋጀ ረቂቅ ሕግ ላይ ውይይት አለ ተብሎ ተጠራን። ስለ ረቂቁ ቀደም ብለን ሰምተን ተስፋ አድርገን ነበር። አሁን ግን ተሻሽሏል። ድጋፉ የሚሰጥበት ጊዜ አጥሯል፣ ስሌቱም ሰውየው በመጨረሻው ዓመት በተከፈለው ደመወዝ አማካይ እንዲሆን ሐሳብ ቀርቧል። ረቂቁን ሊያብራራ የመጣው ባለሙያ፣ ትሑት ወጣት ነው፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ ቀጥሎ በአማርኛ አስረዳን። በሁለቱም ቋንቋ ስሰማው ያው ነው።

ኦፕሬተሩ እጁን አወጣ። «እኛ ማንም እንዳይቀነስ ብለን በግማሽ ደመወዝ ነው የምንሠራው። ፋብሪካው ቢዘጋ የእኛ በምን ሊሰላ ነው?»

«ረቂቁ የሚያየው የተከፈለውን ነው» አለ ባለሙያው።

«ታዲያ ሥራውን ባንካፈልና በሙሉ ደመወዛችን ብንሰናበት ኖሮ?»

«ስሌቱ ከሙሉው ይነሳ ነበር።»

አዴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ልጄ፣ ይህን የጻፉት ሰዎች ሥራ የሚካፈል ሰው እንዳለ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁት።

«እንጃ፣ አዴ። ግን ጥያቄዎን ይዣለሁ» አላቸው። ሲጽፍም አየሁት።

መንገድ ላይ ኦፕሬተሩ መቻል አቃተው። «እርስዎ ያን ቀን ዝም ቢሉ ኖሮ!» አላቸው። አዴ ነጠላቸውን እያጠበቁ ከእኔ ጋር በዝግታ ሄዱ። ከተለያየን በኋላ የእሱ ንግግር እኔንም ሲያብከነክነኝ ዋለ። ቤቱ ገና ዓመት የሆነው ሕፃን አለ፤ ልክ አይደለህም የምልበት አንደበት አልነበረኝም።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ኦፕሬተሩ ሐሳቡን አቀረበ፤ ግማሹ አሁኑኑ ይውጣ፣ የሚቀረው ሙሉ ደመወዝ ይብላ፣ ቢዘጋ እንኳ ስሌቱ ይሻሻልለታል። ብዙ ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ስሌቱ ትክክል ነበር።

አዴ ከረጢታቸውን አስቀምጠው ቆሙ። «ጥሩ። እኔ እወጣለሁ» አሉ። «ከእኔ ጋር የሚወጡትን ደግሞ አንተ በስም ጥራልን።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ከልባቸው ነበር። እሱ ዞር ብሎ አየን። መጀመሪያ ዘበኛውን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ዱቄት የሚያወርዱትን ወንድማማቾች። «እኔ አልጠራም» ብሎ ተቀመጠ። ሌላም የሚጠራ አልተገኘም። መካፈሉ ቀጠለ።

ፋብሪካው ከመስቀል በኋላ ተዘጋ። ረቂቁ እስከ ዛሬ ረቂቅ ነው፤ አንዳንዴ በሬዲዮ ሲነሳ ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳምጣለሁ። የአዴ ጥያቄ የት እንደደረሰ አላወቅኩም። እኔ አሁን ገበያው አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አብረን የሠራነውን ዓመት ሳስብ፣ ኪሳችንን እንደጎዳው አልክድም። ለሚወለዱት ልጆች ሕግ የሚያወጣ ሰው ቢጠይቀኝ፣ የተካፈለ ሰው አይጎዳ ብዬ አስጽፈው ነበር። ደግሞ ያን ዓመት ያለ ሥራ ብቻውን ቤቱ የተቀመጠ ሰው እንዳልነበረ አስታውሳለሁ፤ ይህን በምን እንደማሰላው አላውቅም።

አዴ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወደ ዲጋ የተመለሱ ዕለት፣ የጭነት መኪና ለምኖ ያመጣላቸው ያው ኦፕሬተር ነው። አልጋቸውን ራሱ ተሸክሞ ጫነ። እሳቸው ከታች ቆመው፣ «ቀስ በል፣ መስታወቱን እንዳትሰብርብኝ!» እያሉ ይቆጡታል፤ እሱም «እሺ፣ አዴ፣ እሺ» እያለ መስታወቱን በራሱ ጃኬት ይጠቀልላል።