ቁባው ደጃፍ የቀሩት ጫማዎች

ባለፈው ወር ዲላ ሄጄ ከሼኹ ቁባ ደጃፍ ስደርስ የእርጥብ ኖራ ሽታ ተቀበለኝ። ስልሳ ዓመት የተጠጋኝ ሴትዮ ነኝ፤ ኖራ ሲሸተኝ ግን ዛሬም የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ቁባ የምንለው የሼኹ መቃብር ያለበትን ክብ ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጉልላቱን በየዓመቱ ከመውሊድ በፊት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ኖራ የሚቀባው፣ በሩ ደግሞ ሹምም ሆነ ነጋዴ ጎንበስ ሳይል እንዳይገባ ተብሎ ዝቅ ያለ። ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ ይህን የተማርነው ከመራመድ እኩል ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ሁሉ በሚታደንበት ዓመት፣ ወረቀት በትነሃል ተብሎ የሚፈለገው ወንድሜ ከማል እዚያ ተደበቀ። እኔ ለዚያራ፣ መቃብሩን ልሳለም የምሄድ መስዬ ቆጮ አደርስለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ስደርስ ክው አልኩ። ያ ብልጥ ወንድሜ ጫማውን እንደ ደህና ቀን አውልቆ በሩ ላይ ደርድሮት ገብቷል! ነፍሱን ሊያተርፍ ተደብቆ እንኳ ሼኹ ፊት በጫማ መቆም አላስቻለውም። ላነሳው ስል ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች አጥሩን አልፈው መጡ፤ እግሬን ጫማው ውስጥ ከተትኩ።

አንዱን አላውቀውም። ሌላው ጎረቤታችን ጋሽ ዱካለ ነበር፤ ቸርቹ የታሸገበት፣ ቀበሌ በግድ ጠመንጃ ያሸከመው ጴንጤ።

«የማን ጫማ ነው?» አለ የማላውቀው።

«የኔ» አልኩ። ጫማው የሌላ ልጅ እግር ጭምር ይይዝ ነበር።

ጋሽ ዱካለ እግሬን አየ፤ ቀና ብሎም ፊቴን። ከዚያ ጠመንጃውን ለጓደኛው አቀበለ፣ ቁጭ ብሎ የራሱን ቦት ጫማ ፈታ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መቃብር ብቻ ነው ያለው» አለ። ቀጥሎም ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው እንደ ልማዱ እኔን ወንድ አድርጎ፣ «ይሄ የባለ ሱቁ ልጅ ነው፤ ያባቱን ጫማ አድርጎ ይዞራል» አለና ጓደኛውን ይዞት ሄደ።

ከማል በዚያው ምሽት በባዶ እግሩ ወደ ኬንያ መንገድ ወጣ። ወሬው አልመጣም። ጋሽ ዱካለም ለዓመታት ሰላም ከማለት በቀር ሳላመሰግነው ተቀበረ፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ቁባው ታድሷል፤ በሩን ከፍ አድርገውታል፤ ማንም ቀጥ ብሎ ይገባል። እኔ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ጫማዎቹ ቤቴ አሉ። በየዓመቱ እለካቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ልክክ አሉ፤ ከማል እንደማይመለስ የገባኝ ያን ቀን ነው።