ለአስካለች እስትንፋስ የተመረጠ ሞተር

ቶማ ሞተር ሲመርጥ ጆሮውን ያምን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሶዶ ጋራዦች የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቷል። ኮፈን ሳይከፈት ድምፅ ብቻ ሰምቶ «ካርቦኑ አልቋል» የሚል ሰው ነው። በ2002 ክረምት ግን ጆሮው አሳሳተው። ወይም እሱ ጆሮውን አሳሳተው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሚስቱ ከአስካለች ደረት ነው። አስካለች የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ለዓመታት ያሠለጠነች ሴት ነበረች። ድምፅዋ ማለዳ ከዳሞታ ተራራ እንደሚወርድ ጉም ለስላሳ ነው፤ ሳይታወቅ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አስም ከያዛት ወዲህ ግን የቤንዚን ሽታና የመኪና ጭስ ጉሮሮዋን ያንቋት ጀመር። ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ አወረዷት። በጋሪ ሞከሩ፤ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ ጭሱን ፊቷ ላይ እየተፋ ሄደ።

በዚህ የተነሣ ጉኑኖ ያሉት እናቷ ዘንድ ሦስት ጊፋታ ሳትሄድ ቀረች። እናቷ አባይነሽ ከአልጋ አይነሱም። ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ በመጣ ቁጥር የልጃቸውን ድርሻ፣ ከቆጮ ተሠርቶ በቅቤ የራሰውን ባጭራ፣ በእንሰት ቅጠል አስሸፍነው ያስቀምጣሉ። ድርሻው ሳይበላ ይነሣል።

ቶማ ይህን አልቻለም። ጓሮው ውስጥ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ቮልስዋገን ነበር። የቤንዚን ሞተሩን አወረደ፤ ታንኩን አውጥቶ ጣለ፤ ወንበሮቹን በሳሙና አጠበ። በባትሪ የሚሄድ፣ መስኮቱ ተዘግቶ አንዳች የማይሸት መኪና ሊያደርገው ነው። የቀረው የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ብቻ ነበር።

ጅምላ ነጋዴው አብዱልመጂድ አንድ እንዳለ ነገረው።

«ወንድሜ ሐዋሳ መጋዘን ውስጥ የቆመ ፎርክሊፍት አለው፤ በባትሪ የሚሠራ። ብረቱ ዝጓል እንጂ ሞተሩ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲያነሳ ይውል ነበር፤ ወላሂ ድካም አያውቅም። ግን የሚፈታው ሰው ጥቅምት ነው የሚመጣው።»

«ጊፋታ መስከረም ነው።»

«ጊፋታ ለከርሞም ይመጣል፣ ቶማ።»

«አማቴስ ለከርሞ ይቆያሉ?»

አብዱልመጂድ የሚዛኑን ድንጋይ ወደ ቦታው መለሰ።

የጋራዥ ባልደረባው ኤልሳዕ ግን መላ አላጣም። «ሞተሪኖ እያለ ምን ሐዋሳ ድረስ ያስለምንሃል? ያ የተገለበጠው ከባድ መኪና ሞተሪኖ መደርደሪያ ላይ ተጋድሟል። ትልቅ የናፍጣ ሞተር የሚያስነሳ ነገር ቮልስ ያቅተዋል? ከነሚስትህ ዳሞታ አናት ላይ ይሰቅልሃል!»

ሞተሪኖ፣ የመኪና ሞተር ማስነሻው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እንዲዞር የተሠራ እንደሆነ ቶማ ያውቃል። «ቁልፉን ይዘህ አትቆይ፣ ታቃጥለዋለህ» እያለ ሹፌሮችን ስንት ጊዜ ተቆጥቷል። አሁን ግን የአማቱ ዕድሜ በጆሮው እንደ ሰዓት ይቆጥርበታል። እያሳረፍኩት እሄዳለሁ አለ ለራሱ።

ገጥሞ ሲሞክረው ሞተሪኖው እየጮኸ ቮልሷን ከጓሮ እስከ በር ገፋት። ጎረቤት አጨበጨበ። አስካለች በረንዳ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«የቤቴል አባት፣ ጩኸቱን አልወደድኩትም» አለች፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታው።

«ጉልበት ነው።»

«እኔ ዘማሪ ስመርጥ መጀመሪያ የሚጮኸውን አልይዝም ነበር። የመዝሙሩ አምስተኛ አንጓ ላይ ድምፁ ያልወረደውን ነው የምይዘው።»

«ይሄ እኮ ሞተር ነው እንጂ ሶፕራኖ አይደለም!»

ሳቀች። ሳቋ በሳል አለቀ።

በጊፋታ ማለዳ የበዓል ዱንጉዛ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገባች። መስኮቶቹን እስከ ላይ ዘጉ። የመጀመሪያው አቀበት ላይ ቶማ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሞተሪኖውን አበረደ። እሷም ከዓመታት በኋላ፣ ቀስ ብላ፣ የራሷን ግጥም አዜመች፦

አቀበቱን ልውጣ፣ በቀስታ በቀስታ፣
እናቴ ትጠብቃለች፣ በዛሬ ጊፋታ።

ቶማ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። ሁለተኛው አቀበት ላይ ሲደርሱ የጉኑኖ ቆርቆሮ ጣራዎች ታዩ። ማረፍ ነበረበት። ዜማዋን ላለማቋረጥ፣ ጣራዎቹም ቅርብ ስለሆኑ፣ አላረፈም።

መጀመሪያ ጩኸቱ ቀጠነ። ቀጥሎ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተ። ከኋላ ወንበር ሥር ነጭ ጭስ ወጥቶ የተዘጋችውን መኪና ሞላት፤ ዜማው መሃል ላይ ተቆረጠ። ቶማ ከጭስ ሊያሸሻት በዘጋው መስኮት ጭሱን ራሷ ላይ ዘግቶባት ነበር።

አቅፎ ሣር ላይ አወረዳት። የሚነፋውን መድኃኒት አፏ ላይ ያዘ። የበዓል ልብስ የለበሱ ሰዎች ቃሬዛ አምጥተው ጤና ጣቢያ ተሸከሟት። ማታ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። በማግስቱ ከእናቷ ቤት በቅጠል የተሸፈነ ባጭራ መጣ፤ ቀዝቅዞ። «አባይነሽ ‹ልጄ እዚህ ድረስ ደርሳ ነበር አሉኝ› ብለዋል» አለ ያመጣው ሰው።

ጥቅምት ላይ የፎርክሊፍቱ ሞተር ደረሰ። አስካለች ግን መኪናዋን ማየት አልፈለገችም። ቶማም ነይ ግቢ አላላትም። የመጣውን ሞተር ገጥሞ፣ የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ ሸክም እንዲሆነው የባሕር ዛፍ ግንድ በጎማው ላይ አስደግፎ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያሠራው ጀመር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም አላጨበጨበም።

በሦስተኛው ቀን አስካለች ከበረንዳው ወረደች። መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች፤ ከንፈሯም ያለ ድምፅ በመዝሙር መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ አንጓ። አረፈች። ሁለተኛው። ከአራተኛው በኋላ ረጅም ጊዜ ተንፍሳ አምስተኛውን ጨረሰች።

«ሞቀ?» አለ ቶማ፣ ፊቷን ማየት ፈርቶ።

«ለብ ብሏል» አለች በሹክሹክታ።

ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። አስካለች መዳፏን አላነሣችም።

«ተወው። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»