በራስጌዬ የወረደው ቱቦ

ልጄ በቤታችን ላይ ፎቅ ሲጨምር፣ የመጸዳጃው ቱቦ በእኔ ክፍል ጥግ፣ በራስጌዬ በኩል ወረደ። የቧንቧ ሠራተኛው የገጠመው ውሃ በጠፋበት ሰሞን ነበርና አንድ ባልዲ እንኳ ሳይደፋበት ጨርሻለሁ ብሎ ሄደ። ድሬዳዋ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ውሃ ሲመጣ ይታያል ይባላል። መጣ። በቀትር፣ ከተማው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ከላይ አንዱ ሲለቅበት ድንጋይ የጫነ መኪና በላዬ የተገለበጠ መሰለኝ።

ልጄ የጓሮዋን ክፍል ላጽዳልሽ አለኝ። እምቢ አልኩ። የእኔ ክፍል በሩ ወደ መንገድ ነው፤ ሲያሻኝ ነጠላዬን አጣፍቼ ማንንም ሳላስፈቅድ እወጣለሁ። ጓሮ ከገባሁ መውጫዬ በሰው ሳሎን ሊሆን ነው።

ቱቦ ሁሉ ይጮኻል ቢለኝም አልተቀበልኩትም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ግን በልጅነቴ ከዚራ ሰፈር አንድ ፎቅ ቤት ልብስ አጥብ ነበር። የዚያ ቤት ቱቦ ወፍራም ብረት ነው። ከላይ ገንዳ ሙሉ ውሃ ሲደፉ ከሥሩ ቆሜ እምብዛም አይሰማኝም ነበር።

ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። መዞር መቼም ልማዴ ነው። በየሱቁ ቱቦ ሳንኳኳ ዋልኩ። ብረቱ የለም። ታይዋን ገበያ አጠገብ አንድ ባለሱቅ ሳቀብኝ።

«አቦ እማማ፣ ሐብሐብ ነው እንዴ የምትመርጪው?»

«እሱንም በጆሮዬ ነው የምመርጠው።»

ከጓዳው ግድግዳው ወፍራም የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ አወጣልኝ። ቀጭኑ ሲመቱት ቃ ብሎ ይጮኻል፤ ይኼኛው ዱብ ብሎ ዝም አለ። ባነሳው ከበደኝ። ወሰድኩት።

የቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን ሊቀይር ሲመለስ፣ ዋናው ውሃው መውረዱ ነው፣ ድምፁን ማን ያያል ብሎ ተከራከረኝ።

«እኔ አያለሁ» አልኩት። «ከሥሩ ያለው የእኔ ጭንቅላት ነው።»

ቱቦውን ከግድግዳው የሚያጣብቀው ብረት ሥርም የካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ አስገባበት አልኩት። እያጉረመረመ አስገባ። ውሃ መጥቶ ሳልሰማው ግን ልስን እንዳይነካው ከለከልኩ።

ውሃ በመጣ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ልጄ ከላይ ባልዲ ደፋ። ቱቦው ጨርሶ ዝም ባይልም፣ በሚቀጥለው ክፍል ሰው የሚያንሾካሹክ ያህል ብቻ ነው። ድገመው አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደፋሁት። ወርዶ በሩ ላይ ቆመ።

«እሺ እማ፣ የጓሮዋን ክፍል ምን ላድርጋት?»

ጥግ የተጋደመውን የተነቀለ ቀጭን ቱቦ አሳየሁት። «እሱን አስገባባት» ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ በመንገዱ በር ወጣሁ።