ዳማውን መቆም ያስተማርንበት ክረምት

ወንድሜ ከደጋ ዳማውን ፈረስ ሲልክልን መልእክቱ አጭር ነበር፤ ከእንግዲህ መሽቀዳደም አይችልም፣ ሰው ይቀመጥበት። ልጄ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጎብኚዎችን በፈረስ እያንሸራሸረ ነው የሚተዳደረው። ሁለት ፈረሶች ስለነበሩት ሦስተኛ ሲመጣለት ደስ አለው። ደስታው ግን አንድ ሳምንት አልቆየም።

"እማዬ፣ ይሄ ከሩጫ ሌላ የሚያውቀው የለም። ክረምቱ እስኪወጣ ካልተገራ ለጋሪ እሸጠዋለሁ" አለኝ።

ጋሪ ነጂ ሁሉ ጨካኝ ነው አልልም። እዚሁ ቡሹሎ ሰፈር ያለው ጋሪ ነጂ ጎረቤታችን ፈረሱን ከራሱ በፊት ነው የሚያበላው። ዳማው ግን ሩጫ የተወው የግራ እግሩ ጅማት ስለተጎዳ ነው። አንድ ሰው ይዞ ቀስ ብሎ መሄድ ይችላል፤ ሲሚንቶ ቢጎትት ዓመት አይቆይም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያላስተማሩትን መፈተን ግፍ መሆኑን ግን ያኔም አውቅ ነበር። ስለዚህ ማስተማሩን እኔ ያዝኩት።

ዳማው ሰው ጀርባው ላይ ከወጣ መሮጥ እንዳለበት ነው የሚያውቀው። በዕድሜው ሰው ተቀምጦበት ቆሞ አያውቅም። እኔ ልጓሙን እይዛለሁ፣ ልጄ እግሩን እርካብ ውስጥ ያስገባል፣ ያወጣል። እንደገና ያስገባል፣ ያወጣል። "ዛሬም ይኸው ነው?" ይለኛል። ነገም ይኸው ነው እለዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ኮርቻው ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠ፤ ፈረሱም ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ እርምጃ አስተማርነው። ፈጠን ሲል ክብ እያዞርን እናበርደዋለን፤ ሲረጋ ከእጄ ገብስ ይበላል።

ሐይቁ ዳር መጀመሪያ የወሰድነው ቀን ልጄ ተቀምጦበት ባጃጁንም ሰውንም አልፎ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሄዶ ተመለሰና ፊቴ ቆመ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝና እልል አልኩ። የእኔ እልልታ ትንሽ አይደለም፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ለእሷ ማይክ አያስፈልጋትም እያሉ ይቀልዱብኛል። ዳማው እንደ ጥይት ተፈተለከ። ልጄ ጭቃው ውስጥ ወደቀ፣ ሰው ሳቀ።

ልጄ ጭቃውን እየጠረገ ተነሳ። "አበቃ። ነገ ጋሪ ነጂውን እጠራዋለሁ።"

የከበበን ሰው ሁሉ ፈረሱ አበደ ይላል። እኔን የጠረጠረ አንድም ሰው የለም። ዝም ብል ይቀርልኝ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

በወንድሜ መንደር ፈረሶቹ ለእሽቅድምድም የሚለቀቁት መነሻው ላይ የቆሙት ሴቶች እልል ሲሉ ነው። ሳላገባ እኔም ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነበርኩ፤ ስንቱን ፈረስ በድምፄ አስነስቻለሁ። ዳማው የታዘዘውን ነው ያደረገው። ይህን ሁሉ ነገርኩት።

ልጄ ሰምቶ ሲጨርስ ይባስ ብሎ ተቆጣ። ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር በሙሽራ እንደሚሞላ፣ እልልታ በተሰማ ቁጥር ሰው የሚጥል ፈረስ ይዞ መቆም እንደማይችል ነገረኝ። በዚህ እውነቱን ነበር፤ እውነትህን ነው አልኩት። ቢሆንም ክረምቱ ገና አልወጣም።

"ያስሮጠው የሴት ድምፅ ከሆነ፣ የሚያቆመውም የሴት ድምፅ ነው" አልኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ እልል እል ጀመር። መጀመሪያ ኮርቻ ሳይጫን፣ ከሩቅ፣ በቀስታ። እልል ባልኩ ቁጥር ገብስ አቀርብለታለሁ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ወለደ?"

ፈረሱ እየተማረ ነው ስላት እስኪያማት ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን ገብታ ረዳችኝ፤ ሌሎች ሁለት ሴቶችም አስከትላ መጣች። የእኔን ድምፅ ብቻ ቢለምድ ምን ይጠቅመዋል? መስከረም ሲጠባ ልጄ ተቀምጦበት እንኳ አራታችን አብረን እልል ስንል ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቆምና እጃችንን ያያል።

ልጄ ግን ቃሉን አልረሳም። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ጋሪ ነጂውን ጎረቤታችንን ጠርቶ አቆመው፤ ፈረሱ ከበረገገ እዚያው ይረከበዋል። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ አጃቢ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የዳማው ጆሮ ተነሳ፣ ቆዳው ተንቀጠቀጠ። ልጄ ኮርቻው ላይ ሆኖ ልጓሙን ሲያጠብቅ አየሁት።

"አላላለት" አልኩት።

እሱም አላላለት። ዳማው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በዝግታ ተራምዶ ሴቶቹ መሃል ገባና የአንዷን መዳፍ በከንፈሩ ይፈትሽ ጀመር። ሙሽራዋ በሳቅ ፈነዳች፤ ሙሽራው ካልተቀመጥኩበት አለ።

ጋሪ ነጂው ራሱን ነቀነቀ። "እማማ፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም። ሠርግ ባለበት ሁሉ መንገድ መሃል ሊቆምብኝ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ልጄ ወርዶ ሙሽራውን አስቀመጠው፤ በዚያው ሞቅታ ሙሽራዋንም ከሙሽራው ኋላ ሊያስቀምጣት ሲል እጁን ያዝኩት። ጅማቱን የጎዳው እኛን ለማስደሰት ሲሮጥ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ይሸከም አልኩ። ሙሽሮቹ ፊት ተከራከረኝ፣ እኔም ተከራከርኩት። ዛሬም ዳማው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሸከመው። በጣም ወፍራም ሰው ሲመጣ ልጄ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔም ደህና እግር ወዳለው ወጣቱ ፈረስ እጠቁመዋለሁ።