የማይወርደው ቁጥር

ቀለም ቀቢው በየማለዳው፣ ነርሷ ጋሪዋን እየገፋች ከመግባቷ በፊት፣ የግራ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስባል። ደሙ ይቀዳል፣ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ቁጥር ሆኖ ይመለሳል። ቁጥሩ አይወርድም።

ከመሰላል ወድቆ ቅልጥሙ ሲሰበር ሐኪሙ ነገሩን አቅልሎት ነበር። "ብረት እናስገባለን፤ ከዚያ በኋላ መሄድ ነው።" የደም ምርመራው ግን ሰውነቱ ውስጥ ብርቱ ብግነት እንዳለ አሳየ። አጥንት ሲሰበር ይህ የተለመደ ነው፤ ቀን ሲገፋ መብረድ አለበት። የእሱ አልበረደም። ኢንፌክሽን የተደበቀበት ሰውነት ውስጥ ብረት ማስገባት አደጋ አለው። ቢዘገይ ደግሞ አጥንቱ እንደተጣመመ ይገጥማል፤ በተጣመመ እግር መሰላል አይወጣም። ከመሰላል ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ሳንባውን በራጅ አዩት። ሽንቱን መረመሩ። እግሩን ደጋግመው ዳሰሱ። ምንም አልተገኘም።

"ይህን ሁሉ ደም ምን ታደርጉበታላችሁ?" አላት አንድ ቀን ነርሷን።

"ግድግዳ እንቀባበታለን፣ ጋሼ" አለች ቀና ሳትል።

አጠገቡ የተኛው፣ ጭኑ የተሰበረ ሹፌር ሳቀ። "እንደ መኪና ቀዩ መብራት በርቶብሃል ወዳጄ። የቱ ጋ እንደተበላሸህ ግን አይናገርም።"

ቀቢው አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በስቱኮ ሳይለሰልስ የተቀባ ግድግዳ ነበር፤ ያም አናደደው።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሾርባና ዳቦ ይዛ መጣች። ዳቦውን ነክሮ ወደ ቀኝ ጉንጩ ሲያሻግር አየችው።

"አሁንም በአንድ ጎንህ ነው የምታኝከው?"

"ተይኝ እባክሽ።"

"አላስነቀልከውም ማለት ነው! ሲያብጥብህ ጉንጭህን በሻርፕ ጠቅልለህ፣ 'ለቀለም ሽታው ነው' እያልክ ሰው ስታታልል ከረምክ።"

"እግሬ ተሰብሮ ስለ ጥርስ ታወሪያለሽ?"

የሹፌሩን ግፊት ትለካ የነበረችው ነርስ ዞረች። "የምን ጥርስ ነው፣ ጋሼ?"

"የድሮ ነው። በጨው ውሃ ስጉመጠመጥ ይተወኛል።"

"ዶክተሩ ሌላ የሚያምዎት አለ ወይ ብሎ ጠይቆዎት አልነበር?"

"ጥርስ ደግሞ በሽታ ነው እንዴ?"

ሚስቱ ሾርባውን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ሐኪሙ መጥቶ አፉን በባትሪ አየ። የኋለኛውን መንጋጋ ድድ ሲጫነው መግል ወጣ። "ሳንባዎን ስበረብር እኮ ነው የከረምኩት!" ብሎ ጀመረና፣ እስከዚያች ሰዓት አፍዎን ይክፈቱ ብሎት እንደማያውቅ ሲገባው ባትሪውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

ጥርሱ የዚያኑ ዕለት ተነቀለ። ቀቢው ጥጥ እንደነከሰ በተሽከርካሪ ወንበር ተመልሶ መጣ።

"እሺ፣ ነገ ነው?" አለ፣ በጥጡ መሃል እንደምንም።

"ቁጥሩ ሲወርድ ነው" አለ ሐኪሙ።

"አጥንቱስ እስከዚያ ይጠብቀኛል?"

"እሱን ከፍተን ስናይ እናውቀዋለን።"

ቀቢው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። የነገው የቀዶ ጥገና ተራ ለሹፌሩ ተሰጠ። የቀቢው ደም በሳምንቱ መጨረሻ እንደገና ይመረመራል።